ላበጠ እግር መታሸት፣ ፋሻ፣ ካልሲ ወይስ ፓምፕ?

እግሩ ለወራት ወይም ለዓመታት አብጦ የቆየ ሰው «ያለብህ ሊምፌዲማ ነው» ሲባል ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። አንዱ መታሸት ያሻልሃል ይለዋል፤ ሌላው በፋሻ መጠቅለል፣ ሦስተኛው ጠበቅ ያለ ካልሲ። አየር እየሞላ እግርን የሚጨምቅ ማሽን የሚያስተዋውቅለትም አይጠፋም። ታካሚው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከእነዚህ የሚበልጠው የትኛው ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሕክምናዎቹ ሁሉ አንድ ሥራ የሚሠሩ ያስመስላል። እንደዚያ አይደለም። አንዱ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ያስወጣል፣ ሌላው ፈሳሹ ተመልሶ እንዳይሞላ ይገታል፣ ሌላው ደግሞ ቆዳን ከኢንፌክሽን ይጠብቃል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ሕክምና ሁለት ነገር መጠየቅ ይበጃል፦ ፈሳሹን ወዴት ይወስደዋል? ተመልሶ እንዳይመጣስ የሚይዘው ምንድን ነው?

## ሊምፌዲማ ሲባል ምን ማለት ነው?

ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ውሃና ጥቂት ፕሮቲን ከሥሮቹ እየወጡ በሕብረ ሕዋሳት መካከል ይቀራሉ። በአንድ ቀን የሚወጣው ፈሳሽ በሊትር የሚቆጠር ነው። የቆዩ የሕክምና መጻሕፍት አብዛኛውን ፈሳሽ መልሰው የሚስቡት ደም መልሶች ናቸው ይሉ ነበር። ዛሬ ተቀባይነት እያገኘ የመጣው ግንዛቤ ግን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ይህን ሥራ የሚሠራው የሊምፍ ሥርዓት ነው የሚል ነው። የሊምፍ ቱቦዎች ፈሳሹን ይሰበስባሉ፣ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ አሳልፈው ያጣሩታል፣ በመጨረሻም አንገት ሥር ወደሚገኙት ትልልቅ ደም መልሶች ይመልሱታል።

ይህ ሥርዓት ልብ የለውም። የቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ እየተኮማተረ ፈሳሹን ይገፋል፤ በውስጣቸው ያሉት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ በሮችም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። የጡንቻ እንቅስቃሴና ጥልቅ ትንፋሽ ደግሞ ያግዛሉ። የአንድ እግር ቱቦዎች ወይም ዕጢዎች ሲጎዱ የሚወጣው ፈሳሽ ከሚመለሰው ይበልጥና እግሩ ያብጣል። ሊምፌዲማ የሚባለው ይህ ነው።

የጉዳቱ መንስኤ ብዙ ነው። ለካንሰር ሕክምና የብሽሽት ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወገዱ ወይም በጨረር ሲመቱ ይከሰታል። በትንኝ ንክሻ የሚተላለፉ ፊላሪያ የተባሉ ትሎች የሊምፍ ቱቦዎችን ያበላሻሉ። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ከተፈጥሮ ጀምሮ ቱቦዎቹ የጎደሏቸው ሰዎችም አሉ። ከፍተኛ ውፍረትና ለረጅም ጊዜ የቆየ የደም መልስ ችግርም ሥርዓቱን ያዳክማሉ። በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው እብጠቱ ለዓመታት ሳይታከም ቆይቶ ቆዳው ሲወፍርና ሲሻክር የሚታየው መልክ ነው እንጂ፣ ሊምፌዲማ ሁሉ ከመጀመሪያው እንደዚያ አይመስልም።

ሕክምናዎቹን ለማወዳደር አንድ ነገር ከሁሉ በላይ መታወስ አለበት። በሊምፌዲማ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ፕሮቲን የበዛበት በመሆኑ ሕብረ ሕዋሳቱን ያስቆጣል፤ ቁጣው በቆየ ቁጥር ሰውነት በቦታው ስብና ጠባሳ የሚመስል ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ ያበቅላል። በመጀመሪያው ደረጃ እግሩን በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ሌሊት ሲተኙም ይቀንሳል። በሁለተኛው ደረጃ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ብቻውን አይቀንሰውም፤ እየቆየም መጎድጎዱ ይቀራል። በሦስተኛው ቆዳው ይወፍራል፣ እንደ ኪንታሮት ያሉ እድገቶችም ይወጡበታል። ውሃን የሚያንቀሳቅስ ሕክምና ስብን አያንቀሳቅስም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሕክምና አግኝተው የአንዱ እግር በእጅጉ ሲጎድል የሌላው ጥቂት ብቻ የሚቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለብቻው የማይፈይደውም ለዚሁ ነው። ውሃውን ለጊዜው ቢቀንስም ፕሮቲኑን እዚያው ይተወዋል፤ ፕሮቲኑም ውሃውን መልሶ ይስባል። መድኃኒቱ ለልብ ድካም ወይም ለሌላ ሕመም የታዘዘ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

## ያበጠ እግር ሁሉ ሊምፌዲማ ነው?

አይደለም። ልብ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ሲታመም ሁለቱም እግሮች ያብጣሉ። ሊፔዲማ የሚባለው የስብ ክምችት ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ያወፍርና የእግርን መዳፍ ሳይነካ ይተዋል። ሐኪሞች ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው ቀላል ምርመራዎች አንዱ ሮበርት ስቴመር እ.ኤ.አ. በ1976 የገለጸው ነው፦ በሁለተኛው የእግር ጣት ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማንሣት የማይቻል ከሆነ ሊምፌዲማ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ማንሣት ተቻለ ማለት ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም።

አንድ እግር በድንገት አብጦ ካመመ ነገሩ አስቸኳይ ነው፤ በውስጠኛው ደም መልስ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እግር ከመታሸቱም ሆነ ከመጠቅለሉ በፊት መመርመር አለበት።

## ፋሻ ይህን ያህል የሚወደሰው ለምንድን ነው?

ኦስትሪያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አሌክሳንደር ፎን ቪኒቫርተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ንጽሕናን፣ ጫናን፣ መታሸትንና እንቅስቃሴን አጣምሮ ያበጠ እግርን ያክም ነበር። ከእሱ በኋላ ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር ከባለቤቱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለስላሳውን የእሽታ ዘዴ አዳበረ፤ በጀርመን ደግሞ ፎልዲ የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች ሁሉንም በአንድ ሥርዓት አዋሐዱት። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚከተሉት ጥምር ሕክምና ከዚያ የመጣ ሲሆን ሁለት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው እብጠቱን የማጉደያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ሁለተኛው የጎደለውን የመጠበቂያው ነው፤ ይህኛው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ፋሻ ነው። ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠመጠመው ተለጣጭ ፋሻ ግን አይደለም። መጀመሪያ ከጥጥ የተሠራ ስስ መሸፈኛ ይለበሳል፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይጠቀለላሉ፣ ከዚያ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ጥጥ ይደረጋል፣ በላዩ ላይ ጥቂት ብቻ የሚለጠጥ ፋሻ በበርካታ ድርብ ይጠመጠማል። ቀኑንም ሌሊቱንም ማለት ይቻላል አይወልቅም።

ብዙ የማይለጠጥ መሆኑ ላይ ነው ምሥጢሩ። መጋረጃን ቢገፉት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ግድግዳን ቢገፉት ግን ግፊቱን ይመልሳል። ተለጣጭ ፋሻ እንደ መጋረጃው ነው፤ የባት ጡንቻ በእርምጃ ጊዜ ሲያብጥ አብሮት ይሰፋል። የማይለጠጠው ግን ቦታውን አይለቅም፤ ስለዚህ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር በጡንቻና በፋሻ መካከል ያለው ፈሳሽ ይጨመቅና ወደ ላይ ይገፋል። ሰውየው ሲያርፍ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ሲራመድ ከፍ ይላል። በሌላ አነጋገር ፋሻው ኃይሉን የሚያገኘው ከታካሚው እርምጃ ነው፤ ተጠቅልሎ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሰው ከጥቅሙ ግማሹን ያጣል።

አጠቃለሉም ቀላል አይደለም። በእኩል ጥንካሬ የተጠመጠመ ፋሻ ቀጭን ቦታ ላይ የበለጠ፣ ወፍራም ቦታ ላይ ያነሰ ግፊት ይፈጥራል። ይህ ለቁርጭምጭሚት ይጠቅማል፤ ግፊቱ ከታች በርትቶ ወደ ላይ እየቀነሰ መሄድ ስላለበት። ሆኖም አጥንት ወጣ ባለበት ቦታ ቆዳን ሊያቆስል ስለሚችል ስፖንጁ የግድ ነው። እግሩ እየጎደለ ሲሄድ ፋሻው ስለሚላላ በየጊዜው እንደገና መጠቅለል አለበት። ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ጫማም አያስገባም። ታካሚዎች በዚህ ቢማረሩ አያስደንቅም።

## በቀጥታ ካልሲ ብጀምርስ?

ብዙ ሰው ይህን አቋራጭ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ሁለቱን መንገዶች አወዳድሯል። አንዱ ቡድን ለ18 ቀናት በድርብርብ ፋሻ ታክሞ ከዚያ የግፊት መልበሻ አደረገ፤ ሌላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መልበሻውን ብቻ ተጠቀመ። በ24ኛው ሳምንት የመጀመሪያው ቡድን እብጠት በአማካይ 31 በመቶ ሲቀንስ፣ የሁለተኛው 15.8 በመቶ ነበር። በጥናቱ እጃቸው ያበጠ ታካሚዎችም ነበሩበት፤ ቢሆንም ውጤቱ ሐኪሞች በእግር ላይ በየዕለቱ ከሚያዩት ጋር ይስማማል።

ካልሲ ሲጀመር ጀምሮ የማጉደያ መሣሪያ አይደለም፤ የጎደለውን የሚይዝ ነው። በደንብ አብጦ ባለ እግር ልክ የተሠራ ካልሲ እግሩ ሲቀንስ ይሰፋል፤ ልኩ መወሰድ ያለበት እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ነው። ለእግር ሊምፌዲማ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግፊት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ እንደ እግሩ ሁኔታ ከዚያ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ቅርጹ ለተለወጠ እግር በልኩ የሚሠራው፣ ጠንከር ያለውና ከኋላው ስፌት ያለው ዓይነት የተሻለ ነው፤ ስሱና ስፌት የሌለው ዓይነት በቆዳ እጥፋት ውስጥ እየገባ እንደ ገመድ ሊያስር ይችላል። ካልሲው ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ ይለበሳል፣ ማታ ይወልቃል። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ጉልበቱ ስለሚደክም መቀየር አለበት። ይህን የማያውቁ ሰዎች ያረጀ ካልሲ እየለበሱ «ሕክምናው አልሠራልኝም» ይላሉ።

ጎንበስ ብሎ ጠባብ ካልሲ መሳብ ለማይችል ሰው ደግሞ በቬልክሮ የሚታሰር መጠቅለያ አለ። ጠንካራና የማይለጠጥ ስለሆነ የፋሻን ጠባይ ይዟል፤ ታካሚው ራሱ ሲላላ ሊያጠብቀው ይችላል። በእኔ ግምት ከሚገባው በታች ከሚታወቁት አማራጮች አንዱ ይህ ነው።

የግፊት ጥቅም በእግር መጠን ብቻ አይለካም። ያበጠ እግር ሴሉላይተስ በተባለ የቆዳ ኢንፌክሽን ደጋግሞ ይጠቃል፤ እያንዳንዱ ጥቃትም የተረፉትን የሊምፍ ቱቦዎች ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ሥር የሰደደ የእግር እብጠትና ተደጋጋሚ ሴሉላይተስ ባለባቸው 84 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግፊት ሲያገኙ ከነበሩት 15 በመቶው፣ ትምህርት ብቻ ካገኙት ደግሞ 40 በመቶው ኢንፌክሽኑ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደርጓል።

## መታሸትስ?

ታካሚዎች ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ያሳርፋል። ግን ሊምፍን ለማንቀሳቀስ የሚደረገው እሽታ ጡንቻን ከሚያፍታታው ጋር አይገናኝም። የሊምፍ ቱቦዎች ጅማሮ ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆነ እጁ ቆዳውን በዝግታ ይለጥጠዋል እንጂ አይጫነውም። ሥራውም ከእግሩ አይጀምርም። መጀመሪያ አንገትና ሆድ አካባቢ ያሉት መንገዶች ይቀሰቀሳሉ፣ ቀጥሎ ጭን፣ በመጨረሻ ባትና የእግር መዳፍ፤ ከፊት ያለው ቦታ ሳይለቀቅ ከኋላ መግፋት ስለማያዋጣ። አንድ ክፍለ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል።

ያለ ጫና ብቻውን የሚሰጥ እሽታ ግን የሚያቆየው ነገር የለም። ታካሚው ቆሞ መሄድ ሲጀምር የወጣው ፈሳሽ መመለስ ይጀምራል። በፋሻ ላይ ሲደረብ የሚጨምረው ጥቅምም መጠነኛ ነው። አንዳንድ ጥናቶች ትንሽ ተጨማሪ ቅናሽ አግኝተዋል፤ ሌሎቹ ምንም ልዩነት አላዩም። አብዛኞቹ ጥናቶች የተደረጉት ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ እጃቸው ባበጠ ሴቶች ላይ በመሆኑ፣ ወደ እግር ሲወሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እሽታ የማይተካ ቦታ የሚያገኘው ፋሻ በማይደርስበት ነው፦ በታችኛው ሆድ፣ በብልት አካባቢ፣ በፊት ላይ። ጊዜና ገንዘብ ውስን ሆኖ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ለሆነበት ሰው ግን ማስረጃው ወደ ፋሻው ያደላል።

## የአየር ፓምፑ ቤት ውስጥ ሌላውን ሁሉ ይተካል?

መሣሪያው እግርን የሚያለብስ፣ ክፍል ክፍል ያለው ከረጢት ነው። ክፍሎቹ ከታች ወደ ላይ በተራ አየር እየሞሉ ይጨምቃሉ። ውሃውን በደንብ ይገፋል፣ ክብደቱንም ያቀላል፤ ፕሮቲኑን የማስወጣት አቅሙ ግን ያን ያህል አይደለም። ማሽኑ ከተነሣ በኋላም ካልሲ ካልተለበሰ እግሩ ይሞላል።

ወዴት ይወስደዋል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይከብዳል። ብሽሽት ላይ መንገዱ የተዘጋ ከሆነ ከእግር የተገፋው ውሃ ሆድ ሥርና ብልት ላይ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ፓምፕ ከተጠቀሙ 53 የእግር ሊምፌዲማ ታካሚዎች በ23ቱ ላይ የብልት እብጠት ሲከሰት፣ ካልተጠቀሙት 75ቱ ግን በ2ቱ ላይ ብቻ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ማሽኖች የተሻሻሉ ናቸው፤ ሆድን ጨምረው የሚሸፍኑም አሉ። ቢሆንም ማሽኑ በባለሙያ ግፊቱ ተወስኖለት፣ ከካልሲ ጋር ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚጠቅመው። ቅርብ የሚያክም ባለሙያ ለሌለው ወይም መንቀሳቀስ ለሚከብደው ሰው ይህ ድጋፍ ትንሽ አይደለም።

## እንቅስቃሴ እብጠቱን አያባብሰውም?

ለረጅም ጊዜ ታካሚዎች «አትድከሙ» ይባሉ ነበር። ምክሩን ካስቀየሩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ነው፤ እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶች ተሳትፈውበት፣ ቀስ በቀስ ክብደት ያነሡት እብጠታቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ድንገተኛ መባባስ የገጠማቸው ካላነሡት ያነሱ ነበሩ። ለእግር የሚመከረው መራመድ፣ ብስክሌት፣ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና ጥልቅ ትንፋሽ ነው፤ ከውሃ ውጭ የሚደረገው ሁሉ ካልሲ ወይም ፋሻ እንደተደረገ።

ውሃ ውስጥ ግን ካልሲ አያስፈልግም። በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃ ራሱ ወደ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚደርስ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ልክ እንደሚፈለገው ከታች ይበረታል፣ ወደ ላይ ይቀንሳል። በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሙቀት የደም ሥሮችን አስፍቶ ፈሳሽ ስለሚጨምር አይመከርም።

ቆዳን መንከባከብ ከሕክምና ስለማይቆጠር ቸል ይባላል። በየቀኑ በውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ የእግር ፈንገስን ቶሎ ማከም፣ ጫማ ማድረግ፤ ይኸው ነው። ባክቴሪያ የሚገባው በተሰነጠቀ ቆዳ ነውና ይህ ጥንቃቄ ከሌለ ሌላው ሕክምና በየኢንፌክሽኑ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ቴፕና ደካማ ጨረር ያለው የሌዘር ሕክምናም ይጠቀሳሉ። ቴፕ ሙቀት ወይም ቆዳ ፋሻን ሲከለክል ይሞከራል፤ ፋሻን አይተካም። የሌዘር ጥናቶች በአብዛኛው በእጅ ላይ የተደረጉ ናቸው።

## መጭመቅ የሚከለከለው መቼ ነው?

እግሩ በድንገት ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ሴሉላይተስ ስለሚጠረጠር እሽታና ፓምፕ ይቆማሉ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይቀድማል። ያልታከመ የረጋ ደም ወይም ያልተረጋጋ የልብ ድካም ያለበት ሰውም መጀመሪያ ሐኪም ማየት አለበት፤ ከእግር የተገፋው ፈሳሽ መድረሻው ልብ ነውና። የደም ቅዳ መጥበብ ያለበት እግር ደግሞ ሲጨመቅ ደም ሊያጥረው ይችላል። በቁርጭምጭሚት የሚለካው የደም ግፊት በክንድ ከሚለካው ከግማሽ በታች ከሆነ የተለመደው ጠንካራ ጫና አይደረግም። የስኳር ሕመምተኞች እግራቸው ስለሚደነዝዝ ፋሻ ሲያቆስላቸው ላይሰማቸው ይችላል። ለማንኛውም ሰው ጣቶች ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ፋሻው ወዲያው ይፈታል።

## ሁሉንም አድርጌ እግሬ እንደ ቀድሞው ካልሆነስ?

መለኪያው መጀመሪያ ይስተካከል። እግርን በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ፣ ለምሳሌ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በሜትር ለክቶ መጻፍ በዓይን ከመገመት ይሻላል። የጠዋትን ከማታ ጋር ማወዳደር ያሳስታል። በዓመት ስንት ጊዜ ኢንፌክሽን እንደያዘዎት፣ ጫማ መግባት አለመግባቱ፣ ምን ያህል መራመድ እንደቻሉም ይመዝገብ።

በፋሻ የሚወጣው ሁሉ ወጥቶ፣ ሲጫኑት መጎድጎዱ ቀርቶ እግሩ አሁንም ወፍራም ከሆነ የቀረው በአብዛኛው ስብ ነው። ይህን የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ስቡ በቱቦ ተመጥጦ ይወጣል። በሽታው ገና ሳይገፋ ደግሞ የሊምፍ ቱቦን ከደም መልስ ጋር የሚያገናኝ ረቂቅ ቀዶ ሕክምና በአንዳንድ ማዕከላት ይሠራል። ስቡ ከተመጠጠ በኋላም ታካሚው የግፊት ካልሲውን ቀንና ሌሊት፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዲለብስ ይታዘዛል፤ ቀዶ ሕክምናው ስቡን ያወጣል እንጂ የተበላሹትን ቱቦዎች አይጠግንም።